የሙሴ ቫርኔ ለቅሶ በክሬሰንት ታውን

ሄሎ፣ ሄሎ... እየቀዳ ነው? እሺ። ስሙኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ግሩፑ ላይ «ነፍስ ይማር» የምትሉ ሁላችሁ፣ በተለይ አንተ ቢኒ፣ ካልጋሪ ቁጭ ብለህ የሚያለቅስ ፊት ከአበባ ጋር የደረደርክልኝ፣ መጀመሪያ እሱን አጥፋልኝ። አጥፋው! አባቴ አልሞተም። ማንም አልሞተም። ማለቴ... አንድ ሰው ሞቷል፣ ግን እናንተ አታውቁትም፣ እኔም አላውቀውም ነበር። ቴክስት ላደርግ ብዬ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት፤ ከንዴት ይሁን ከደስታ አልገባኝም። ስለዚህ ቮይስ ነው። ይረዝማል። የቸኮለ ይውጣ።

ቆይ ግን፣ የእኛ ሰው ሞት ሲናገር ታዝባችሁት ታውቃላችሁ? እዚህ አገር ሐኪሙ ይመጣል፣ ወንበር ይስባል፣ «አይም ሶሪ» ይላል፣ ሶፍት ያቀብልሃል፣ አለቀ። እኛ ጋ ሞት እንዲህ በዋዛ አይነገርም። እኛ ጋ ሞት የሚጀምረው በምሳ ነው። «ምሳ በላህ?» ትባላለህ። ዓመት ሙሉ ደውሎልህ የማያውቅ ሰው ድንገት የአንተ ምሳ ካሳሰበው፣ በቃ፣ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው። ቀጥሎ «ብቻህን ነህ?» ይመጣል። የመጨረሻዋ ጥይት ደግሞ «ቀስ ብለህ ና» ናት። ወንድሞቼ፣ «ቀስ ብለህ ና» ተብሎ ቀስ ብሎ የመጣ ሰው እስከዛሬ አላየሁም።

ነጋሪውም ዝም ብሎ ማንም አይደለም። መርዶ የሚነግረው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው እስኪመጣ የሚያውቀውም የማያውቀውም አፉን ይዘጋል። «ማን ነው የሞተው?» ብሎ መጠየቅማ ነውር ነው! ለቅሶ ቤት ትገባለህ፣ ታለቅሳለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ከጎንህ ካለው ሰው ወሬውን ቀስ እያልክ ትለቅማለህ። ጥሩ ባህል ነው፣ አልተሳደብኩም። አልተሳደብኩም እኮ! ግን ትናንት ይሄ ጥሩ ባህል ሊገድለኝ ነበር።

ትናንት ቅዳሜ ከከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ ሬክስዴል ነኝ። አንድ መጋዘን ጣሪያ ላይ ወጥቼ የተበላሸ ማሞቂያ እየፈታሁ ነው። በረዶ ይጥላል፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እጄ በቅባት ጠቁሯል። ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘውዴ። እትዬ ዘውዴ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ለእኔ የሚደውሉልኝ ቴሌቪዥናቸው እንቢ ሲላቸው ብቻ ነው።

«ናሆምዬ፣ ስራ ላይ ነህ እንዴ ልጄ?»

«አዎ እትዬ፣ ቲቪው ነው?»

«ኧረ ቲቪው ደህና ነው። ምሳ በላህ?»

የማሞቂያውን ቧንቧ ጨምድጄ ያዝኩ። ጣሪያ ላይ ነኝ እኮ!

«እትዬ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ምን ይፈጠራል? ምንም አልተፈጠረም። ብቻህን ነህ? በል ቤት ና። ቀስ ብለህ ና፣ እሺ? እናትህ ጋ እንዳትደውል፣ ስራ ላይ እንዳትደነግጥብን።» ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

አሁን ሂሳቡን አብራችሁኝ ስሩ። እኔ ጣሪያ ላይ ነኝ። እናቴ ስካርቦሮ የአረጋውያን ቤት ሺፍት ላይ ናት፣ እሷ እንዳትደነግጥ ተብሏል። እህቴ ሩት ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ፒያኖዋን እየቀጠቀጠች። ማን ቀረ? አባቴ። አባቴ ደግሞ ታላቅ እህቱን ሊጠይቅ ድሬዳዋ ከሄደ ሰንብቷል። ደም ግፊት አለበት፤ መድኃኒቱን እዚህ እናቴ ካልጮኸችበት አይውጥም፣ እዚያ ማን ይጮህበታል? ደወልኩለት። ያቺ የስልክ ሴትዮ «አሁን ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ። ሰደብኳት። በዚያው ለስላሳ ድምጿ ያንኑ ደገመችልኝ። ትዕግሥቷ!

ዕቃዬን እዚያው ጣሪያ ላይ ጥዬ ወረድኩ። ባስ እስከ ኪፕሊንግ፣ ከኪፕሊንግ ሰብዌ። ከኪፕሊንግ እስከ እኛ ሰፈር፣ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማለት ነው፤ አባቱ የሞተበት ሰው የሚጓዝበት መንገድ አይደለም። ፊት ለፊቴ ሁለት ልጆች የሆነ ቪዲዮ እያዩ ይስቃሉ። ልጣላቸው ነበር፤ ምን ብዬ? እኔ የማስበው የአባቴን ጆሮ ነው። አትሳቁ። አባቴ ቪዲዮ ኮል ሲያደርግ ስልኩን ፊቱ ፊት አይዝም፤ እንደ ድሮው ስልክ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። «አባ፣ አርቀው፣ ፊትህን እንይ» ብንለው «አሁንስ?» ይልና የባሰ ይጫነዋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ከሄደ ወዲህ ያየነው ጆሮውን ብቻ ነው። ሽበት የወረሳት፣ ጫፏ ወደ ውስጥ ታጠፍ ያለች ጆሮ። እሷን ጆሮ ዳግመኛ ላላያት ነው እያልኩ ነው ያን ሁሉ ጣቢያ ያለፍኩት።

ክሬሰንት ታውን፣ የሕንጻችን ሎቢ ስደርስ አንዱ ኤሌቬተር እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። በሌላው ሁለት ሰውዬዎች የታሸገ ውሃ በካርቶን እየጫኑ ነው። አንገታቸውን ደፉልኝ። ውሃ በካርቶን! እዚህ አገር ያለ አበሻ ውሃ በካርቶን የሚሸከመው ሲሰረግና ሲቀበር ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ሙሽራ የለም። ኮሪደሩ ጋ ስደርስ ጫማው ከበራችን አልፎ እስከ ጎረቤት በር ተዘርግቷል። የበረዶ ቦት፣ የሴት ቦት፣ ስኒከር፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ገባሁ። «ወየው ናሆምዬ!» ብለው ሴቶቹ ለቀቁት። ጥቁር ነጠላ፣ ታጣፊ ወንበር፣ የምስር ወጥ በፎይል ትሪ። ሶፋችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እሱም ያዘነ ይመስላል።

«ማን ነው የሞተው?» ብዬ ጮህኩ።

«ተው ልጄ፣ ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ።»

«አልጠጣም! አባቴ ነው?»

ዝም። ቢኒ፣ ያንን ዝምታ ልገልጽልህ አልችልም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ዝም ያሉት ስለማያውቁ ነው። ግን የማያውቅ ሰው ዝምታና የሚያውቅ ሰው ዝምታ እኮ አንድ ዓይነት ነው! በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ጋሽ መኮንን ይምጡ፣ እሳቸው ይነግሩሃል» አሉኝ። ጋሽ መኮንን የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ታክሲ የነዱ፣ ረጅም፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቤት የሚያዳምጣቸው ሰው።

«የት ናቸው?»

«ፓርኪንግ እየፈለጉ ነው።»

ፓርኪንግ! አባቴ ይሙት አይሙት የሚያውቀው ሰው ቪዥተር ፓርኪንግ ሞልቶበት ሕንጻውን እየዞረ ነው! በመስኮት ሳይ አያቸዋለሁ እኮ፤ ያቺ አሮጌ መኪናቸው በበረዶው ውስጥ ቀስ ብላ ታልፋለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ በሌላኛው በኩል ብቅ ትላለች። ይህን ከተማ እንደ ኪሳቸው የሚያውቁት ሰው መርዶዬን ጭነው እንደ ሳተላይት ይዞሩኛል።

በዚህ መሀል እናቴ ከስራ ገባች። ማንም አልነገራትም፤ የነገራት ጫማው ነው። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «አለህ?» አለችኝ። ጣሪያ ላይ ስለምሰራ እኔ ወድቄ የሞትኩ መስሏታል። «አለሁ እማ።» ዞር ዞር አለች። «ሩቴስ? ሩቴ የታለች?» በሩ ተከፈተና ሩት ገባች። ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ።

ቤቱ አበደ።

የጥቁር ቀሚሱን ነገር ላስረዳ፤ ለሪሳይታሉ ነው። ሩት ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰሮቿ ፊት ፒያኖ ትጫወታለች፣ ከመጫወቷ በፊት ደግሞ ስለ አንድ የፈረንሳይ የሙዚቃ ደራሲ ሕይወት ፕረዘንቴሽን ታቀርባለች። ትናንት በቀሚሱ ልምምድ ነበራቸው። ከመስከረም ጀምሮ እቤታችን ከሌላ ሰው ጋር ነው የምንኖረው፤ ኤሚል ቫርኔ ይባላል። ራት ስንበላ ቫርኔ፣ ዕቃ ሲታጠብ ቫርኔ። አባቴ ድሬ ስለተወለደ ለእሱ የፈረንሳይ ሰው ሁሉ ሙሴ ነው፣ አቶ እንደማለት፤ ስለዚህ እቤታችን ሰውየው «ሙሴ ቫርኔ» ሆኖ ቀረ። ግን በዚያች ሰዓት ሙሴ ቫርኔን ማን ያስታውሰዋል? ሩት ሰዉን አየች፣ እናቴ ስታለቅስ አየች፣ «አባዬ!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሷ አባዬ ስትል የተጠራጠረው ሁሉ አረጋገጠ። ቤቱ ውስጥ ያልጮኸ ሰው አልነበረም፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ብቻ በመጥረጊያ ጣሪያውን እየደበደበ አጀበን።

ጋሽ መኮንን ገቡ። ኮታቸው በረዶ ለብሷል። ሰው ሁሉ ተነሳ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ የእናቴን ትከሻ ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሽ መኮንን ወደ እትዬ ዘውዴ ጎንበስ አሉና ሹክ አሉ። የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ሎቢ ድረስ ይሰማል፤

«ዘውዲቱ፣ ማን ነው ያረፈው?»

«እንዴ! እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚያውቁት?»

«እኔ? የደወልሽልኝ አንቺ!»

«እኔማ ለቅሶ አለ ነው ያልኩዎት! ማን እንደሆነ እርስዎ ሳይሰሙ ይቀራሉ ብዬ ነው?»

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አንዱ ከአንዷ ሰማሁ ይላል፣ አንዷ ከአንዱ፤ ሁሉም ሲጠየቅ እየዞረ እየዞረ መጥቶ እትዬ ዘውዴ ላይ ያርፋል። እትዬ ዘውዴ ስልካቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ይኸው! የልጅቷን ስታተስ አይቼ ነው! ዓይኔን ግንባር ያርገው!» አሳዩን። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ የበራ ሻማ፣ ከሥሩ «እንደ አንተ ያለ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ። አባት አገር ቤት፣ ልጅ ሻማ ለጠፈች። የእኛ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይጠብቃል? ምስሩን ጣደ!

ሩት አፍንጫዋን እየሳበች ስልኩን አየችው። «ዋት? ይሄ? ይሄ እኮ የቫርኔ ነው! ዛሬ የሞተበት ቀን ነው! ሁለተኛውን ስላይድ አላያችሁም እንዴ? ፎቶው እዚያ አለ እኮ!»

ሁለተኛውን ስላይድ ማንም አላየውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

«ቫርኔ ማነው?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ኮምፖዘር ነው፣ ፈረንሳዊ። የሞተው ድሮ ነው፣ እኔ ሳልወለድ።»

ቢኒ፣ ያኔ ነው የፈነዳሁት። ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ እናቴ ግን ታስታውሳለች፣ ዛሬ ጠዋት አንድ በአንድ ነግራኛለች። «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ አይችልም?» አልኩ። «ሻማ ባየ ቁጥር ድንኳን የሚተክል ሕዝብ!» አልኩ። በሩን ከፈትኩ። ውሃችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀስ ብላ «ታዲያ አባትህ ለምን ስልክ አያነሳም?» አለች።

በሩን መልሼ ዘጋሁት።

እውነቷን ነው። ሙሴ ቫርኔ ሞተ ማለት አባቴ አለ ማለት አይደለም። ደወልኩ። ያቺው ሴትዮ። አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ እዚያም ያቺው ሴትዮ። ጋሽ መኮንን ኮታቸውን አወለቁና ተቀመጡ። «እንግዲህ» አሉ፣ «የአባታችሁ የግርማ ስልክ እስኪገባ የትም አንሄድም። ብቻችሁን አንተዋችሁም። ከመጣንም አይቀር... ልጄ ሩት፣ ይሄ ሰውዬ ቀባሪ ነበረው?»

ሩት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እም... ብዙም አልነበረውም።»

«እንግዲያው የሕይወት ታሪኩ ይነበብ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው አልሳቁም። ሩት የሰኞውን ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች፤ እሷ በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ እኔ ልተረጉም ተነሳሁ። እኔ! ደሜ ገና የሚፈላው ሰውዬ፣ አንድ ዓይኔ ስልኬ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ወረቀቷ ላይ፣ ቅባታም ቱታዬን እንደለበስኩ፣ የፈረንሳይ ሙዚቀኛ ሕይወት ለለቀስተኛ እተረጉማለሁ።

«ኤሚል ቫርኔ ሰሜን ፈረንሳይ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ተወለደ» አልኩ። «አባቱ የቤተክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበር።» እትዬ ዘውዴ «እሰይ፣ የቤተስኪያን ልጅ ነዋ!» ብለው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። ልጁ የደወሉ ገመድ ላይ እየተንጠለጠለ ነው አሉ ሙዚቃ የጀመረው፤ ደወሉ ሲስበው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሲለቀው ይወርዳል። አጎቱ ዳቦ ጋጋሪ ሊያደርገው ወስዶት ነበር፣ ሊጡን ከበሮ እያደረገ ስላስቸገረ መለሰው። ከዚያ ፓሪስ፣ ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት። እዚያ አንድ ትልቅ ሽልማት አለ፤ እሱን ያገኘ ሰው ተባለ፣ ያላገኘ ቀረ። ሙሴ ቫርኔ ይወዳደራል፣ ለሌላ ይሰጡታል፤ ደግሞ ይወዳደራል፣ ደግሞ ለሌላ። «ምቀኛ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሩት ዳኞቹ ምቀኞች መሆናቸውን ወረቀቷ ላይ አልጻፈችም ነበር፤ ሰኞ ግን ትጨምረዋለች መሰለኝ።

ጦርነት መጣ። እሱ ዘመተ። ከኋላው ጠላት ከተማዋን ያዘና የአባቱን ደወል ከማማው አውርዶ ለመድፍ አቀለጠው። እዚያ ግንባር ደግሞ አጠገቡ የመድፍ ጥይት ወደቀና አንድ ጆሮው ላይመለስ ሄደ። ይህን ስተረጉም እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን መቱ። «በገዛ ደወሉ!»

«እትዬ፣ እሱን እንኳን አናውቅም» አለች ሩት፣ «የዚያው ደወል መሆኑን የሚያሳይ ኤቪደንስ የለም።»

«አንቺ አታውቂም። እኔ አውቃለሁ።» ማልቀስ ጀመሩ።

ከጦርነቱ በኋላ በአንድ ጆሮው ቁጭ ብሎ ትልቅ ሥራ ለኦርኬስትራ ጻፈ። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሳያልቅ ሰዉ አፏጨ፣ ሳቀ፣ ወጣ። አንድ ጋዜጠኛ ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃ ሲጎትት ይመስላል ብሎ ጻፈበት። እዚህ ላይ እውነቴን ልንገራችሁ፤ ለለቀስተኛው ግን ይህን አልነገርኩም። ሩት ያን ሥራ አስደምጣኛለች፣ እኔ ደግሞ ከድሮው ሰፈራችን ከቶርንክሊፍ ፓርክ እዚህ ስንገባ ሶፋውን የጎተትኩት ሰው ነኝ። ጋዜጠኛው ብዙም አልዋሸም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሙሴ ቫርኔ ዓመታት ሙሉ ምንም አልጻፈም። ዳቦውን ያገኝ የነበረው ሲኒማ ቤት ነው። ያኔ ፊልም ድምፅ አልነበረውም፣ እሱ ከሥር ፒያኖ ይመታለታል፤ ፈረስ ሲሮጥ ያስሮጠዋል፣ ሴትዮዋ ስታለቅስ ያስለቅሳታል። አንድ ቀን ፊልሙ ራሱ መናገር ጀመረ። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ተባለ። ጋሽ መኮንን ከሆዳቸው ተነፈሱ፤ ያ በስልክ የሚጠራው መኪና መጥቶ ታክሲያቸውን ከገበያ ካስወጣው ወዲህ እንዲህ ሲተነፍሱ የሰማኋቸው ይሄ የመጀመሪያው ነው። «አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ማንን እንደሆነ አልገባኝም፤ ሰውየውን ይሁን ነገሩን።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ቤተክርስቲያን ኦርጋን እንዲጫወት ቀጠረችው። እዚያ አረጀ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ ዝግ ያለ፣ ቀስ ያለ ነው፤ የቀረችው ጆሮው ጩኸት አትችልም ነበራ። ያኔ ማንም አላዳመጠውም። ዛሬ ትልልቆቹ አዳራሾች የሚጫወቱለት እነዚያን ነው። «ልጅስ?» አለች እናቴ። የለውም። «ዘመድ?» አይታወቅም። በክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ የቆሙት የሕንጻው ጠባቂ ሴትዮና የኦርጋኑን ወናፍ የሚነፋለት ሰውዬ ናቸው። ወረቀቱ እዚህ ላይ ያልቃል።

«ሌላስ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ሌላ የለም።»

«ሁለት ሰው? ሰው ተቀብሮ ሁለት ሰው?»

እስኪ አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች አንዲት ሻማ አይተው በበረዶ ውሃ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ናቸው። ሽልማቱን ቢነጠቅ፣ ቢፏጭበት፣ ከስራ ቢባረር ችለውታል፤ ሁለት ሰው ግን አልቻሉም። እትዬ ዘውዴ ተነሱ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣

«ደወል ደዋይ አባት የወለደው ልጅ፣
ቀባሪ አጣ አሉኝ እኔ ሳለሁ ደጅ!»

አሉና ቤቱን አነቃነቁት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ለእሱ ይሁን፣ ለማትነሳዋ ስልክ ይሁን፣ ጌታ ይወቀው። የታችኛው ሰውዬ እንኳን መጥረጊያውን አስቀምጦ ይሆናል፤ ድምፁ ጠፋ።

በዚያ ጩኸት መሀል ኪሴ ተንቀጠቀጠ። ቪዲዮ ኮል። አነሳሁት።

ጆሮ።

ሽበታም፣ ጫፏ ታጠፍ ያለች፣ ስክሪኑን የሞላች ጆሮ! ወንድሞቼ፣ በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር አላየሁም። እማ! አልኩ፣ ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁት፣ ቤቱ በሙሉ ጆሮዋን አይቶ እልል አለ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች፣ ሌላ ቃል ጠፍቷታል።

«ሄሎ! ናሆም! ምንድነው የሚጮኸው? ማን ሞተ?» አለ አባቴ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቶበት፣ ጄኔሬተር ካለው ጎረቤት ሄዶ ቻርጅ ማድረጉ ነው።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ መኮንን ስልኩን ነጠቁኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግርማ! እንደምን አመሸህ? ራት በላህ?»

ጆሮዋ ደረቀች።

«ብቻህን ነህ?»

«ወይኔ!» አለ አባቴ። «መኮንን! ሚስቴን? ልጆቼን? ንገረኝ!»

ዘልዬ ነጠቅኳቸው። «አባ፣ ማንም አልሞተም! ሁላችንም አለን! አንድ ፈረንሳዊ ነው!»

«የትኛው ፈረንሳዊ?»

«ሙሴ ቫርኔ! የሩት!»

አሁን ይሰድበናል ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ የእሱ ልጅ ነኝ፣ ይሄ ቁጣ ከሌላ ቦታ አልመጣም። እሱ ግን በዚያች በድሬ አነጋገሩ «እና አለቀሳችሁለት?» አለ።

«አለቀስንለት አባ።»

«ደግ አደረጋችሁ አቦ። አባቴ ባቡር ጥገና ሲሰራ አለቃው የነበረው ሙሴ ሞቶ ሰው አልነበረውም። የተሸከሙት ሠራተኞቹ ናቸው። ሙሴ ዘመዱ ሩቅ ነው፣ የቀረበ ያልቅስለት ይል ነበር አባቴ።» ቀጥሎ «ሩቴ፣ ያንን የምትለማመጂውን አጫውቺኝ እስኪ» አለ።

የሩት ኪቦርድ ትሪዎቹ መሀል ነበር፤ ምስሩን ገፋ አደረግንላት። ስልኩን የውሃው ካርቶን ላይ አስደገፍኩት። ያ ሙዚቃ እንዲህ ነው፤ ግራ እጅ ታች አንዲት ድምፅ ይመታል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያችኑ ይመታል። ያ የቀለጠው ደወል ነው። ቀኝ እጅ ላይ ላይ ትንሽ ነገር ይላል፣ እንደ ልጅ ገመድ ላይ እንደተንጠለጠለ። ከመስከረም ጀምሮ በግድግዳ በኩል ስሰማው «በቃሽ!» እያልኩ በቡጢ የምመታው ሙዚቃ ነው። ትናንት ያ ሁሉ ሰው በካልሲው ቆሞ፣ ሳይተነፍስ፣ አንድ ጆሮ እያየ አዳመጠው።

ሲያልቅ «ይሄማ የጣቢያው ደወል ነው» አለ አባቴ። «ባቡሩ ሊነሳ ሲል የሚደወለው።» ሩት አልተከራከረችውም። ኤቪደንስ አላለችም።

ከዚያማ ምስሩ ተበላ፣ ምን ይደረጋል። ሰዉ ሲወጣ እንዲህ ሲስቅ ለቅሶ ቤት አይመስልም ነበር። እትዬ ዘውዴ በር ላይ ጎተት አደረጉኝና «ናሆምዬ፣ አርባው መቼ ነው?» አሉኝ። እትዬ፣ ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፣ አልኳቸው። «ታዲያ ያኔ ማን አወጣለት?» መልስ ያላችሁ ላኩልኝ።

እና ሰኞ የሩት ሪሳይታል እድሩ በሙሉ ይመጣል፤ ተወስኗል፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ያቺ ልጅ በሰው ፊት ተናገሪ ስትባል መውጫ በር የምትፈልግ ነበረች፣ ትናንት ማታ ግን ስትተኛ እያዜመች ነው። ፕሮፌሰሮቿ ጥቁር ነጠላ የለበሱ እናቶች ከፊት ረድፍ ተደርድረው «በገዛ ደወሉ!» ሲሉ ምን እንደሚውጣቸው አላውቅም። ጋሽ መኮንን ገና ዛሬ እሑድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ወርደዋል። ፓርኪንግ ሊፈልጉ።

እኔ አሁን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የማወራችሁ፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ እንዳላወራ እናቴ ከልክላኛለች። ተናድጄ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ግን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። አባቴ ጠዋት ደውሎ ነበር፤ ጆሮው ደህና ናት። በሉ ደህና ዋሉ።

ቆይ፣ ቢኒ... ያንን «ነፍስ ይማር» ያልከውን አጠፋኸው እንዴ? ካላጠፋኸው ተወው። ለሙሴው ይሁንለት፤ ከነዚያ ከሁለቱ ቀባሪዎቹ ጋር ሦስተኛ ሰው ሆነህ ትቆጠራለህ።